«ያለ አለቃ ይሠራል» የሚባለው ሊኑክስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ ቡድን አመራር ጨዋታ በተነሳ ቁጥር ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነው የኮምፒውተር ሥርዓት፣ ሊኑክስ፣ ምስክር ሆኖ ይጠራል። አንዱ «እነሱ ያለ አለቃ ያን የሚያህል ነገር ሠርተዋል፤ ደንብ ምን ያደርጋል?» ይላል። ሌላው «ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል ኃይለኛ ሰው ስላለ ነው» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የሚያወሩለት ሊኑክስ የለም። በ1991 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ለትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ብሎ የጀመረው ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) ዛሬ በአንድ የእትም ዙር ብቻ 2,000 ገደማ ሰዎች እጃቸውን የሚያስገቡበት ሥራ ሆኗል። ያን ሁሉ ሰው ምን እንደሚያስማማው ለማየት የሚወራውን አንድ በአንድ ማፍረስ ይሻላል።

«ማንም የፈለገውን ይጨምራል»

ማንም መላክ ይችላል፤ መቀበል ግን የጥቂቶች ነው። ከኮዱ ጋር «ሜይንቴይነርስ» የሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል አለ። የትኛው የኮድ ክፍል የማን ኃላፊነት እንደሆነ በስም ይዘረዝራል። ለአንድ ኔትወርክ ካርድ ማስተካከያ የጻፈ ሰው ፓቹን፣ ማለትም የለውጡን ጽሑፍ፣ በኢሜይል ለዚያ ክፍል ኃላፊ ይልካል። ኃላፊው ካመነበት ከበላዩ ላለው ያሻግራል፤ እንዲህ እየተቀባበለ ቶርቫልድስ ዘንድ ይደርሳል። እሱ የመጣውን ሁሉ መስመር በመስመር አያነብም፤ አብዛኛውን የሚቀበለው ያመጡለትን ሰዎች ሥራ ስለሚያውቅ ነው።

ሰዓቱም ደንብ ነው። አንድ እትም እንደወጣ በሩ ለሁለት ሳምንት ይከፈታል፤ አዲስ ነገር የሚገባው ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ ይዘጋና በየሳምንቱ የሙከራ እትም ይወጣል፤ ብዙውን ጊዜ ሰባት ወይም ስምንት ይሆናል። በነዚያ ሳምንታት የሚገባው የስህተት ማረሚያ ነው። ዙሩ በጠቅላላው ከ9 እስከ 10 ሳምንት ይወስዳል፤ የዘገየ ቀጣዩን ይጠብቃል። እኔ ይህን በር እወደዋለሁ። «ለኔ ሲባል አንድ ሳምንት ቆዩልኝ» የሚለውን ልመና ሳይጀመር ያስቀረዋል። በሩ ከሁለት ወር በኋላ ተመልሶ እንደሚከፈት የሚያውቅ ሰው ጥሬ ሥራ ይዞ አይጋፋም። ቀኑ ራሱ የሚገፋበት ቡድን ውስጥ ግን ቀጣዩ ዕድል መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ ሁሉም ያለ የሌለውን ጠቅጥቆ ያስገባል። እንዲህ ያለ ቡድን ውስጥ ሠርቼ አውቃለሁ።

ለመሆኑ የቶርቫልድስ ሥልጣን ምንድን ነው? ለነዚህ ሰዎች ደመወዝ አይከፍልም፣ አይቀጥራቸውም፣ አያባርራቸውም። ያለው «አልቀበልም» የምትል ቃል ናት። የደንቡ ጉልበት በሙሉ እዚያች መቀበያ በር ላይ ተቀምጧል።

«ደቦ ነው፤ በጎ ፈቃደኞች ናቸው»

ደቦ ሲሉት ደስ ይላል። ግን በደቦ የእርሻው ባለቤት ይታወቃል፤ ጠላውም የእሱ ነው። እዚህ አብዛኛው ኮድ የሚመጣው ከኢንቴል፣ ከሬድ ሃት፣ ከጉግል፣ ከኤኤምዲና ከመሰሎቻቸው ደመወዝተኞች ነው። ገበያ ላይ የሚፎካከሩ ኩባንያዎች ናቸው። አንድ አለቃ ስለሌላቸው አንድ ደንብ የግድ ሆነባቸው።

«ደንብ ማለት በስብሰባ የሚረቀቅ ሰነድ ነው»

የሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ረዥም የአሠራር መመሪያ አዘጋጅቶ ሁላችንንም አስፈርሞን ነበር። ከፊርማው ቀን በኋላ ከፍቶ ያየው ሰው አላጋጠመኝም። ሊኑክስ ውስጥ ዕድሜ ያገኙ ደንቦች ግን ብዙዎቹ ጉዳት የወለዳቸው ናቸው።

በማርች 2003 ኤስሲኦ የተባለ ኩባንያ «የዩኒክስ ምስጢሬን ለሊኑክስ አሳልፎ ሰጥቷል» ብሎ የኮምፒውተር ኩባንያውን አይቢኤምን ከሰሰ፤ ዩኒክስ ሊኑክስ አርአያ ያደረገው የቀደመ ሥርዓት ነው። የጠየቀው ካሳ 1 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ያኔ «ይህች መስመር ከማን መጣች?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ አልነበረም። በ2004 ቶርቫልድስ አንድ ልማድ አመጣ፦ ከፓቹ ግርጌ «ሳይንድ ኦፍ ባይ» («ፈራሚው» እንደማለት) ብሎ ስምና ኢሜይል መጻፍ። ትርጉሙ «ይህን ኮድ ለመስጠት መብት አለኝ» ነው። ማኅተም የለው፣ ውክልና የለው፣ ሦስት ኮፒ የለው። ፓቹን የሚያሻግር ኃላፊም የራሱን መስመር ከሥሩ ያክላል። ስለዚህ ከዓመታት በኋላ አንድ ነገር ቢበላሽ የተቀባበሉት እጆች ተራ በተራ ተጽፈው ይገኛሉ። መስመሯ ከሌለች ፓቹ ይመለሳል። ያን የመሰለ ክስ የወለደው ደንብ ከላኪው የሚጠይቀው አንድ መስመር ብቻ መሆኑ ነው እኔን የሚገርመኝ። ጠበቆች ቢጽፉት ስንት ገጽ ይሆን ነበር?

«በኮድ አጻጻፍ መጨቃጨቅ ሥራ መፍታት ነው»

መጨቃጨቁስ እውነት ነው። ስለዚህ ነው ጭቅጭቁን ለማሽን የሰጡት። ቼክፓች የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ፓቹ ሳይላክ «መስመሩ ረዝሟል፣ ክፍተቱ ልክ አይደለም» ትላለች፤ ከእሷ ጋር የሚኳረፍ የለም። አንድ መስመር ከ80 ፊደል አይለፍ የሚለው የቆየ ማስጠንቀቂያ በ2020 ወደ 100 ከፍ ተደረገ፤ ሰማይ አልተደፋም።

«ስምምነት ማለት ሁሉም እሺ ማለት ነው»

ለዚህኛው ከሊኑክስ ወጥተን ወደ አይኢቲኤፍ እንሂድ። የኢንተርኔት የአሠራር ደረጃዎች የሚወጡበት ማኅበር ነው፤ ከ1986 ጀምሮ ይሰበሰባል። እዚያ ውሳኔ በድምፅ ብልጫ አይያዝም። በአዳራሽ ስብሰባ የቆየው ልማድ ይህ ነው፦ ሰብሳቢው ሲጠይቅ የደገፈ ሰው አፉን ሳይከፍት «እምም» ይላል። ለእንግዳ ሰው ቀልድ ይመስላል። ነገሩ ግን የታሰበበት ነው፦ እጅ ቢወጣ ቆጠራ ይመጣል፤ ማን ከማን ጋር እንደቆመም ይታያል። እምምታው የሚያሳየው ሐሳቡ ወዴት እንዳዘነበለ እንጂ ማን እንዳሸነፈ አይደለም። የሚመዘነው መልስ ያላገኘ ተቃውሞ መኖር አለመኖሩ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ያነሳው ቴክኒካዊ ችግር ካልተመለሰ የመቶ ሰው እምምታ አይሸፍነውም። ተመርምሮ ከተመለሰ ደግሞ ሰውየው ቢያኮርፍም ሥራው ይቀጥላል።

ክፍት ሶፍትዌር በሚያሠራው ድርጅት፣ በአፓቺ፣ ፕሮጀክቶችም እንዲሁ ነው። ድምፅ ያለው አንድ ሰው «ነጋቲቭ አንድ» ብሎ የኮድ ለውጥ ማገድ ይችላል፤ ቴክኒካዊ ምክንያቱን ካልጻፈ ግን እገዳው አይቆጠርም። «ደስ አላለኝም» ምክንያት አይደለም።

«ሊኑክስን ያቆመው የቶርቫልድስ ቁጣ ነው»

ቁጣው ነበር። ሰው የሚያሸማቅቁ ኢሜይሎቹ ከኮዱ እኩል ስም አውጥተውለት ነበር። በሴፕቴምበር 16 ቀን 2018 ግን ይቅርታ ጠይቆ ለጊዜው ከሥራው ገለል አለ፤ በዚያው ሰሞን ፕሮጀክቱ አዲስ የሥነ ምግባር ደንብ ተቀበለ። የ4.19 እትም ከከርነሉ ዋና ኃላፊዎች አንዱ በሆነው በግሬግ ክሮህ-ሃርትማን እጅ ኦክቶበር 22 ወጣ፤ ከቀዳሚው እትም በ10 ሳምንት መሆኑ ነው። የሙከራ እትሞቹም በየሳምንቱ ወጡ። ሲሳደብ የነበረው ሰው በሌለበት ጊዜ «የተጠቃሚውን ፕሮግራም የሚያበላሽ ለውጥ አይገባም» የሚለው ጥብቅ ደንብ አልላላም። ስድቡን የጥራት ምንጭ አድርገው የሚያወሩልን ሰዎች ስድቡንና እምቢታውን ለይተው ያላዩ ይመስለኛል።

«ደንብ አክባሪ ሰው ታማኝ ነው»

ይህኛው አደገኛ ነው፤ የደንብ ወዳጆች የሆንነውን የሚያታልለን እሱ ነውና። ኤክስዜድ የሚባል ፋይል መጭመቂያ ሶፍትዌር አለ፤ ከከርነሉ ውጭ ያለ፣ ግን ብዙ የሊኑክስ ሥርዓቶች የሚጠቀሙበት። አንድ ሰው በትርፍ ጊዜው ያለ ክፍያ ይዞት ነበር። ጂያ ታን በሚል ስም አንድ ረዳት ብቅ አለ። ትሑት፣ ትጉህ፣ ፓቹም ንጹሕ። በጎን ደግሞ ሌሎች ስሞች «ሥራው ዘገየ፤ ለሌላ ሰው አካፍል» እያሉ የደከመውን ባለቤት ይጎተጉቱት ነበር። ደንቡ የሚጠይቀውን ሁሉ ሲያሟላ የቆየው ጂያ ታን ኮድ የማስገባቱ ቁልፍ ተሰጠው። በ2024 መጀመሪያ በ5.6.0 እና በ5.6.1 እትሞች ውስጥ ስውር መግቢያ አስቀመጠ።

«ኮዱ ክፍት ስለሆነ ሁሉም ያየዋል» የሚለው መጽናኛም አላዳነም። ስውሩን ኮድ የምትቀሰቅሰው ቁራጭ ሁሉም ከሚያየው የኮድ ማከማቻ ውስጥ አልነበረችም፤ ታሽጎ በሚለቀቀው ጥቅል ፋይል ውስጥ ብቻ ነበረች። ጥቅሉንና ማከማቻውን ማመሳከር የብዙዎች ልማድ አልነበረም።

ማርች 29 ቀን 2024 ነገሩን ይፋ ያወጣው አንድሬስ ፍሮይንድ፣ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ፕሮግራመር፣ የደኅንነት መርማሪ እንኳ አልነበረም። ሌላ ነገር እየለካ ሳለ ከሩቅ መግቢያ በሆነው በኤስኤስኤች ወደ ማሽኑ መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየ አየ። ግማሽ ሰከንዷ የት እንደገባች ሲከታተል ደረሰበት፤ ተከታተል ብሎ ያዘዘው ማንም አልነበረም።