የጉበት ካንሰርን ከታማሚው ቆርሶ ላብራቶሪ ውስጥ ማሳደግ

የጉበት ካንሰርን የሚያጠኑ ሰዎች አንድ የቆየ ችግር አለባቸው። መድኃኒት ሲሠሩ መጀመሪያ የሚሞክሩበት ሕያው ነገር ይፈልጋሉ። ያ ነገር ደግሞ የታማሚውን በሽታ ካልመሰለ ውጤቱ ያሳስታል። ለዚህ ከተገኙት መልሶች አንዱ ኦርጋኖይድ ይባላል። ከታማሚው ዕጢ ትንሽ ተቆርሶ ሴሎቹ ጄል ውስጥ ይዘራሉ። እነሱም ተባዝተው የመጡበትን ዕጢ የሚመስሉ ጥቃቅን እብጠቶች ይሠራሉ። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ2022 በዓለም ዙሪያ 866,000 ያህል ሰዎች የጉበት ካንሰር እንደተገኘባቸው ይገመታል። በዚያው ዓመት 758,000 ያህል ሞተውበታል። ሁለቱ ቁጥሮች ይህን ያህል መቀራረባቸው ያስደነግጣል። ጉበት ብዙ ችሎ የሚኖር አካል ነውና በሽታው የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ከረፈደ በኋላ ነው። ሶራፌኒብ የተባለው መድኃኒት በ2007 ሲፈቀድ በዋናው ሙከራ የጨመረው ዕድሜ በአማካይ ሦስት ወር እንኳ አይሞላም ነበር። ከዚያ በኋላ ሱኒቲኒብ፣ ብሪቫኒብና ሊኒፋኒብ ተራ በተራ በታማሚዎች ላይ ተሞክረው ሊበልጡት አልቻሉም። ሁሉም ወደ ሰው የደረሱት ላብራቶሪ ውስጥ ተስፋ ሰጥተው ነው።

ዋናው መሞከሪያ ለረጅም ጊዜ ፕላስቲክ ሳህን ላይ ተዘርግቶ የሚያድግ የሴል ዘር ነበር። በጣም ከተሠራባቸው አንዱ ሄፕጂ2 ነው። በ1970ዎቹ ከአንድ የ15 ዓመት አርጀንቲናዊ ልጅ ዕጢ የተገኘ ነው። ለብዙ ዓመታት የአዋቂዎች የጉበት ካንሰር ወኪል ተደርጎ ተጠና። በ2009 የወጣ ጥናት ግን ሄፓቶብላስቶማ፣ ማለትም የልጆች የጉበት ካንሰር መሆኑን አሳየ። ፒኤልሲ/ፒአርኤፍ/5 የሚባለው ደግሞ ከአፍሪካ የመጣ ነው። በ1970ዎቹ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከአንድ ሞዛምቢካዊ ታማሚ ተገኘ። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስን የሽፋን ፕሮቲን ራሱ ስለሚያመርት ለቫይረሱ ጥናት ትልቅ ውለታ ውሏል። የዚያ ሰው አስተዋጽኦ ከዚህ በላይ ሊወሳ ይገባ ነበር። ያም ሆኖ እነዚህ ሴሎች ለአሥርተ ዓመታት ፕላስቲክ ላይ ሲባዙ ከመጡበት ዕጢ እየራቁ ሄደዋል።

የኦርጋኖይዱ መንገድ የተከፈተው በኔዘርላንድስ፣ ዩትሬክት ነው። በ2009 ቶሺሮ ሳቶና ሃንስ ክሌቨርስ ከአንዲት የአይጥ አንጀት ግንድ ሴል (ተባዝታ ሌሎች ሴሎችን ከምታስገኝ ሴል) አንጀት መሰል ነገር አሳደጉ። እዚያው ላብራቶሪ ትሠራ የነበረችው ሜሪትሼል ሁች ዘዴውን ወደ ጉበት አመጣችው። በ2013 የአይጥ፣ በ2015 የሰው ጉበት ሴሎች አደጉ። ቀጥሎ ካምብሪጅ በሚገኘው ገርደን ኢንስቲትዩት የራሷን ቡድን መርታ ወደ ካንሰሩ ገባች። በ2017 እሷና ሎራ ብሩቲየር ከባልደረቦቻቸው ጋር ከ8 ታማሚዎች የተገኙ ኦርጋኖይዶችን ይፋ አደረጉ። በውስጣቸው ሄፓቶሴሉላር ካርሲኖማ (ከጉበቱ ሴሎች የሚነሳው ዋናው የጉበት ካንሰር)፣ የሐሞት ቱቦ ካንሰርና የሁለቱ ቅይጥ ነበሩ።

ሥራው የሚጀምረው ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ነው። ታማሚው ፈቅዶ ይፈርማል። ፓቶሎጂስቱ ለምርመራ የሚፈልገውን ካስቀረ በኋላ ትንሿ ቁራሽ በቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ ሆና ወደ ላብራቶሪ ትሄዳለች። እዚያ በምላጭ ደቃ ትከተፋለች። ሴሎቹን አያይዞ የያዘውን የሚያሟሟ ኢንዛይም ይጨመርባትና 37 ዲግሪ ላይ ትቀመጣለች። ለጤነኛ ጉበት ግማሽ ሰዓት ገደማ ይበቃል። ዕጢ ግን ጠጣር ነው፤ ሰዓታት ይፈልጋል፣ አንዳንዴም ያድራል። የተለያዩት ሴሎች ተጣርተው ማትሪጄል ከሚባል ጄል ጋር ይቀላቀላሉ። ማትሪጄል በረዶ ላይ ፈሳሽ ነው፣ ሲሞቅ ይረጋል። ስለዚህ የሚሠራው ሰው ቀልጠፍ ማለት አለበት። ጠብታዋ ሳህኑ ላይ ታርፋለች፣ ኢንኪዩቤተር ውስጥ ትረጋለች፣ ከዚያ ምግብ ያለበት ፈሳሽ ይፈስባታል።

ትልቁ ፈተና ከዚህ በኋላ ይመጣል። ከዕጢው ጋር ጤነኛ ሴሎችም ተቀላቅለው ይገባሉ። ጄል ውስጥ ካንሰሩን ቀድመው ሊባዙና ቦታውን ሊይዙት ይችላሉ። ተመራማሪው ካንሰር አሳደግሁ ብሎ ጤነኛ ሴል ሲመግብ ሊከርም ነው። የካምብሪጆቹ መላ ማስራብ ነበር። ጤነኞቹ ለማደግ የሚፈልጓቸውን አር-ስፖንዲን፣ ኖጊንና ደብሊውኤንቲ የተባሉ ፕሮቲኖች በመጀመሪያው ጊዜ ከፈሳሹ አስቀሩ። ጤነኞቹ ከሰሙ፣ ካንሰሮቹ ቀጠሉ። ለእኔ የጥናቱ ትልቁ ብልሃት ይሄ ነው።

በማይክሮስኮፕ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ከጤነኛ ጉበት ያደገው እንደ ፊኛ ውስጡ ባዶ ነው። ከሄፓቶሴሉላር ካርሲኖማ የመጣው ድፍን ጉብታ ነው። የሐሞት ቱቦ ካንሰሩ ደግሞ ቅርጹ የተዛባ፣ እጥፋትና ክፍተት የበዛበት ነው። ለወራት ካደጉ በኋላም አብዛኛውን የዕጢውን የዘረመል ለውጥ ይዘው ቆይተዋል። ቡድኑ 29 ውህዶች ሲሞክርባቸው የአንዱን ታማሚ ሴሎች የሚገድለው የሌላውን ሳይጎዳ ያለፈበት ጊዜ አለ። ኢአርኬ የተባለውን ፕሮቲን የሚያግድ አንድ ውህድ ተስፋ ሰጪ ሆኖ ወጣ።

ቀዶ ጥገና የሚደረግለት ግን በጊዜ የተደረሰበት ሰው ነው። በ2018 የስዊዘርላንዷ የባዝል ከተማ ተመራማሪዎች በመርፌ ባዮፕሲ ከሚወሰድ ቀጭን ናሙናም ማሳደግ እንደሚቻል አሳዩ። ይሁንና ከሄፓቶሴሉላር ካርሲኖማ ናሙናዎች አብዛኞቹ ሳያድጉ ቀሩ። እሺ ብለው ያደጉት በፍጥነት የሚባዙት ናቸው። ይህ ነገር በቂ ትኩረት አግኝቷል ብዬ አላምንም። የኦርጋኖይድ ባንክ፣ ማለትም ከብዙ ታማሚዎች ተሰብስቦ የተቀመጠ የኦርጋኖይድ ክምችት፣ ሲባል ሁሉም ዓይነት ታማሚ ያለበት ይመስላል። ቀስ ብሎ የሚያድገው ካንሰር ግን ብዙውን ጊዜ የለበትም።

ሌላም ጉድለት አለ። ከ2020 ወዲህ ለገፋ የጉበት ካንሰር ቀዳሚ ሕክምና ከሆኑት አንዱ የአቴዞሊዙማብና የቤቫሲዙማብ ጥምረት ነው። የመጀመሪያው በሽታ ተከላካይ ሴሎችን ያነቃቃል፣ ሁለተኛው ለዕጢው የሚበቅሉ የደም ሥሮችን ይገታል። ተራ ኦርጋኖይድ ውስጥ ግን ተከላካይ ሴሎቹም የደም ሥሮቹም የሉም። ስለዚህ ተመራማሪዎች አሁን የታማሚውን የመከላከያ ሴሎች አብረው ለማሳደግ እየሞከሩ ነው።

የኢትዮጵያ ጉዳይ እዚህ ላይ ይነሳል። በአገራችን ብዙ ሰው የወፍ በሽታ ከሚለው ጀርባ ካሉት መንስኤዎች አንዱ ሄፓታይተስ ቢ ነው። ክትባቱ ለሕጻናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ2007 ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለዱት አብዛኞቹ አላገኙትም። በደንብ ባልደረቀ ወይም በመጥፎ ሁኔታ በተከማቸ ለውዝ፣ በቆሎና ማሽላ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን ያመርታል። እንደ ሄፓታይተስ ቢ ሁሉ የጉበት ካንሰር የሚያመጣው ይህ መርዝ ቲፒ53 በሚባለው ጂን ላይ የራሱን ምልክት ትቶ ያልፋል። እንዲህ ያለ ዕጢ ለመድኃኒት የሚሰጠው ምላሽ የሚታወቀው እሱ ራሱ ላብራቶሪ ውስጥ ሲያድግ ነው። እስካሁን የታወቁት ኦርጋኖይዶች ግን በአብዛኛው ከአውሮፓ፣ ከምሥራቅ እስያና ከአሜሪካ ታማሚዎች የመጡ ናቸው። እዚህ ለማሳደግ ጉበት የሚቀድ ሐኪምና ቶሎ የሚረከብ ላብራቶሪ ያስፈልጋል። ከውጭ እስከሚሠራበት ጠረጴዛ ድረስ ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ የሚደርስ ማትሪጄልም የግድ ነው። አንዴ ያደገ ኦርጋኖይድ ግን በፈሳሽ ናይትሮጅን ለዓመታት ይቀመጣል፣ ሲፈለግም ተቀስቅሶ እንደገና ያድጋል።