«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ሲባል ምን ማለት ነው?

ቡሬ አጠገብ ባለው የአያቴ ቤት ቆጥ ነበረ። ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ፣ በተጋደሙ እንጨቶች ላይ የተሠራ። በየቀኑ የማይፈለግ ዕቃ እዚያ ይወጣል፦ ለዘር የተቀመጠ በቆሎ፣ ትርፍ እንስራ፣ ለበዓል ብቻ የሚወርድ ሞሰብ። ልጅ ሆኜ ቆጡ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ከታች ካለው የሚበልጥ ይመስለኝ ነበር። ስለማይታየኝ ነው።

ተረቱ የበቀለው እንዲህ ካለ ቤት ነው። ሴትዮዋ አንድ ነገር በብብቷ ሸጉጣለች፤ ቅቤ የያዘች ቅል እንበል። ቀና ስትል ቆጡ ላይ ያለውን አየች። አማራት። ክንዷን ዘረጋች። ቅሏ መሬት ላይ ነች።

እስቲ ደብተር በብብታችሁ ያዙና ከፍ ያለ መደርደሪያ ለመንካት ሞክሩ። ክንድ ካልተነሳ ቆጥ አይደረስም፤ ክንድ ከተነሳ ደግሞ ብብት ይከፈታል። ለማውረድ የተዘረጋው ክንድ ራሱ ነው የጣለው። ብዙ ሰው ተረቱን «ስግብግብነት ጥሩ አይደለም» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ዋናው ነገር ይሄ እንቅስቃሴ ይመስለኛል።

ሌላም ነገር አለ። ተረቱ «ወደቀባት» ወይም «ወሰዱባት» አይልም። «ጣለች» ነው የሚለው። ሌባ የለበትም፣ የገፋት ሰው የለበትም። የቆጡን ታውርድ አታውርድም አይነግረንም። ደግሞ ስለ ሴት የተነገረ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ወንዱም በራሱ ሲደርስ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሆነብኝ» ነው የሚለው።

ይህን ተረት የምጽፈው በአክስቴ ልጅ ምክንያት ነው። ባጃጅ ነበረችው። ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ባጃጅ ነድቶ፣ ዕቁብ ጥሎ ነው የገዛት። አንድ ጓደኛው ወደ ቴሌግራም ግሩፕ አስገባው። «ትሬዲንግ ነው፣ በቀን 2 በመቶ» አሉት፤ በኢንተርኔት እየገዙ እየሸጡ ከዋጋ መውጣትና መውረድ ማትረፍ ማለታቸው ነው። መጀመሪያ 5,000 ብር አስገባ። በወሩ ትርፉ እውነትም እጁ ገባ። ያቺ ትርፍ ናት ያጠፋችው። ባጃጇን ሸጠ።

ስልኩን ያሳየኝ ቡና ስንጠጣ ነው። አረንጓዴ ቁጥር፣ በየሰዓቱ የሚያድግ። ሰው በተለምዶ እዚህ ላይ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላል። ቁጥሩን በደንብ ይገልጸዋል። ግን ላሟ የሰማይ የሆነችበት ሰው ገና ምንም አልጣለም፤ ምኞት ብቻ ነው ያለው። የአክስቴ ልጅ ጎማዋን በእጁ የሚነካት ባጃጅ ነበረችው። ለዚህ ነው የብብቱ ተረት የሚበልጥብኝ።

አባቱ ግን አንድ ጥያቄ ጠየቁት። «ልጄ፣ ዋሱ ማነው?»

«አባዬ፣ ይሄ በኢንተርኔት ነው፤ ዋስ የለውም። እንደ ዕቁብ በሉት።»

እንደ ዕቁብ! ዕቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ቀድሞ የሚወስድ ሰው ዋስ ያቀርባል። ዙሩ ሲያልቅ ሁሉም የጣለውን ያህል ነው የሚወስደው። ከጣለው በላይ የሚሰጥ ዕቁብ ጎጃም ውስጥ አላየሁም። እኔም አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ዝም አልኩ። አረንጓዴው ቁጥር እኔንም አፌን ዘግቶኛል።

ቁጭ ብሎ ማስላት ይቻል ነበር። በቀን 2 በመቶ፣ ትርፉ እየተደመረ፣ 10,000 ብር በዓመት ከ13 ሚሊዮን ብር በላይ ይሆናል። እንዲህ የሚያተርፍ ሰው የባጃጅ ብር ከቡሬ ድረስ ምን ያስለምነዋል? ስልቱም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1920 ቦስተን ላይ ቻርልስ ፖንዚ በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ እሰጣለሁ ብሎ ሰበሰበ። ለቀደሙት የሚከፍለው ኋላ ከመጡት በወሰደው ብር ነበር። በዚያው ዓመት ታሰረ።

እውነተኛው ትሬዲንግስ? እሱም የዋዛ አይደለም። በ1 ለ100 ብድር፣ ማለትም 1 ብር አስይዞ በ100 ብር የሚነግድ ሰው ዋጋው 1 በመቶ ወደማይፈልገው አቅጣጫ ከሄደ ያስያዘው ብር በሙሉ ይጠፋል። የአውሮፓ ኅብረት የገበያ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳወጣው፣ በዚህ ዓይነት ውል ከሚነግዱ ተራ ሰዎች ሒሳብ ከ74 እስከ 89 በመቶው ከሳሪ ነው። እዚያ ፈቃድም ሕግም አለ። የእኛን አገር በተመለከተ የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 ተቋቁሟል፤ በካፒታል ገበያ ሥራ ለሚሰማሩ ፈቃድ የሚሰጠው እሱ ነው። «ፈቃድህ የታለ?» ማለት የአባትየው «ዋሱ ማነው?» ነው።

የአክስቴ ልጅ ብሩን ላውጣ ሲል «መጀመሪያ 15 በመቶ ግብር አስገባ» አሉት። ተበድሮ አስገባ። በማግስቱ ግሩፑ የለም።

አጭበርባሪው ወንጀለኛ ነው፤ ቢያዝ ደስ ይለኛል። ግን የአክስቴን ልጅ የማከብረው ከዚያ በኋላ ባደረገው ነው። «በሉኝ፣ ዘረፉኝ» ሲል ሰነበተ። እውነቱን ነው። አንድ ቀን ግን «ሦስት ሰው አስገብቻለሁ» አለኝ። ሰው ላስገባ ቦነስ ይሰጡ ነበር፤ ተቀብሏል። አንዷ መንገድ ዳር ቡና የምታፈላ ጎረቤቱ ናት። የጀበና ቡና ብሯን ያስገባችው እሱን አምና ነው። የእሷ ብር በእሱ ብብት ነበር ማለት ነው።

አሁን እንደገና የሰው ባጃጅ ይነዳል። የቀን ገቢውን ለባለቤቱ ያስገባና ከተረፈው እየቆጠበ በሳምንት በሳምንት ለሦስቱ ይከፍላል። ባለፈው አብሬው ነበርኩ። ለቡና አፍይዋ 500 ብር ሰጣት። ከረከቦቱ ሥር ካለ ደብተር አውጥታ ጻፈች፣ ቀሪውን አሳየችው፣ ከዚያ ሁለት ስኒ ቀዳችልን።