ሳንስ ሰሪፍ ምንድን ነው? ለዲዛይን ሥራስ እንዴት ይመዘናል?

ሳንስ ሰሪፍ በፊደሉ መስመሮች ጫፍ ላይ የምትታከለው ትንሽ ጭረት፣ ማለትም ሰሪፍ፣ የሌለችበት የላቲን ፊደል ቅርጽ ነው፤ «ሳንስ» ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን «አልባ» እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1816 ዊልያም ካስሎን አራተኛ ለንደን ውስጥ ባወጣው የፊደል ናሙና ላይ ሲታይ ትልልቆቹን ፊደላት ብቻ የያዘ ነበር። ዛሬ «ዘመናዊ» ሲባል ግን በአብዛኛው የሚታሰበው በ1957 የወጡትን የሄልቬቲካንና የዩኒቨርስን ፎንቶች ፈለግ የተከተለው፣ ውፍረቱ ወጥ የሆነው ቅርጽ ነው።

ፎንት ሲመረጥ የተለመደው ስሕተት በሻጩ ናሙና ላይ ተመሥርቶ መፍረድ ነው፤ በ72 ነጥብ (ነጥብ የፊደል መጠን መለኪያ ነው) ተጽፎ፣ በሰፊ ነጭ ቦታ ተከቦ የማያምር ፎንት እስካሁን አላየሁም። ሰሪፍ መቅረቱ ገጹን እንዳጸዳው ሁሉ ፊደላትን እርስ በርስ የሚለየውን ምልክትም ቀንሷል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ትልቁን «አይ»፣ ትንሹን «ኤል» እና 1 ቁጥርን ጎን ለጎን ጽፎ ማየት ይገባል። በሄልቬቲካ ሁለቱ ፊደላት ቀጥ ያሉ ዘንጎች ብቻ ስለሆኑ ዓይን በቀላሉ አይለያቸውም፤ ማቲው ካርተር ለማይክሮሶፍት በሠራውና በ1996 በወጣው ቨርዳና ግን ትልቁ «አይ» ከላይና ከታች አግድም መስመር ተጨምሮለታል፤ የተባረረው ሰሪፍ በጓሮ በር ተመለሰ ማለት ነው። የይለፍ ቃል ወይም የዕቃ መለያ ኮድ በሚነበብበት ሥራ ይህ ልዩነት ከውበት ይቀድማል። ትንሹ «አር» እና ትንሹ «ኤን» ተከታትለው ሲጻፉ «ኤም» የሚመስሉ ከሆነም የፊደላቱ ክፍተት በጣም ጠቧል።

ሁለተኛው መመዘኛ የፊደላቱ አፍ፣ ማለትም እንደ «ሲ» ያለ ፊደል በጎኑ ያለው ክፍት ቦታ ነው። በሄልቬቲካ የትንሹ «ሲ» ጫፎች ተጠማዝዘው ሊገናኙ ስለሚቃረቡ ፊደሉ ከሩቅ ወይም በደበዘዘ ስክሪን ላይ «ኦ» ሊመስል ይችላል። አድሪያን ፍሩቲገር ለፓሪሱ ሻርል ደጎል አውሮፕላን ማረፊያ ምልክቶች በነደፈው ፊደል አፉን ሰፋ አድርጎ የከፈተው መንገደኛ እየተራመደ እንዲያነበው ነው።

በሰንጠረዥ የሚሠራ ሰው ቁጥሮቹ እኩል ስፋት ያላቸው አማራጭ እንዳላቸው ያረጋግጥ፤ ያለዚያ አኃዞቹ ዓምዳቸውን ጠብቀው አይወርዱም። የፈቃዱ ውልም ለኅትመት፣ ለድረ ገጽና ለመተግበሪያ ብዙ ጊዜ የተለያየ ነው።

ከዚህ በኋላ የቀረው የሥራውን ትክክለኛ ጽሑፍ በ9 ነጥብ በተራ ፕሪንተር አትሞ፣ ቀድሞ ሲሠራበት ከነበረው ፎንት አጠገብ አስቀምጦ አንድ ሙሉ ገጽ ማንበብ ነው።