ሽታ፣ ድምፅና ጥናት፦ የሚወራውና እውነታው

ፈተና ሲቃረብ መካሪ ይበዛል። አንዱ የሞዛርትን ክላሲካል ሙዚቃ ክፈቱ ይላል፣ ሌላው ሮዝመሪ (የጥብስ ቅጠል) አሽትቱ፣ ሦስተኛው ደግሞ ትምህርቱን በድምፅ ቀርፃችሁ ተኝታችሁ ስሙት። ሽታም ድምፅም ለማስታወስ ይጠቅማሉ። የሚጠቅሙት ግን የተጠናውን ነገር እንደ ምልክት ሆነው ሲጠሩ ነው፤ ያልተጠናውን ከየትም አያመጡትም። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ከመዘንጋት የሚመጡ ናቸው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ጥሩ መዓዛ በራሱ አንጎልን ይከፍታል»

የምናየውና የምንሰማው ነገር ወደ አንጎል ቅርፊት የሚደርሰው ታላመስ በሚባለው ማከፋፈያ አልፎ ነው። ሽታ ግን አቋራጭ አለው፦ ከአፍንጫ ተነስቶ ስሜትን ወደሚመለከተው አሚግዳላና ትውስታን ወደሚያደራጀው ሂፖካምፐስ ቶሎ ይደርሳል። ድንገት የሸተተን ነገር የድሮ ጊዜ የሚያስታውሰን ለዚህ ነው። ሆኖም የሚቀሰቀሰው ከሽታው ጋር አብሮ የተቀመጠው ነገር ብቻ ነው።

በ2007 የጀርመን ተመራማሪዎች ይህን በግልጽ አሳይተዋል። ተሳታፊዎቹ የጽጌረዳ ሽታ እየሸተታቸው የ15 ጥንድ ካርዶችን ቦታ አጠኑ። ሌሊት ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ሳሉ ሽታው ተመልሶ ሲሰጣቸው ጠዋት 97 በመቶውን አስታወሱ፤ ሳይሰጣቸው ሲቀር 86 በመቶውን። ሲያጠኑ ሽታው ካልነበረ ሌሊት ብቻ ማሽተቱ ምንም አልፈየደም። ሕልም በሚበዛበት የእንቅልፍ ክፍል ሲሰጥም ለውጥ አልታየም።

«ሮዝመሪ ካልሆነ አይሠራም»

በ2003 በ144 ሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ ሮዝመሪ እየሸተታቸው የተፈተኑት በማስታወስ ጥራት የተሻሉ ነበሩ፤ በፍጥነት ግን ምንም ካልሸተታቸው ሰዎች ዘገዩ። ይህን የሚያወራ ሻጭ ሁለተኛውን አጋማሽ አይነግራችሁም። ለምልክትነት የሚፈለገው ሽታ የማይረብሽና በሌላ ጊዜ የማያጋጥማችሁ መሆኑ ነው። የዘወትር ሳሙናችሁ ወይም ሽቶአችሁ አይሆንም፤ ከሺህ ነገር ጋር ተቆራኝቷልና የትኛውን እንደሚጠራ አያውቅም።

«ሽታው ቀኑን ሙሉ ክፍሉን ይሙላው»

ብዙ ሰው ነገሩን የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። አፍንጫ ለአንድ ሽታ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚለማመድ ከዚያ በኋላ መኖሩን እንኳ አታስተውሉትም። ሽታው ደከመ ብሎ ዘይት መጨመር ትርፉ ራስ ምታት ነው። በዚያ ላይ ስልክ ስትነካኩም፣ ስትበሉም፣ ስታወሩም ከሸተታችሁ የጥናት ምልክት መሆኑ ያበቃል።

የሚሠራው እንዲህ ነው። ክዳን ባለው ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ጥጥ አድርጉና ከመዓዛ ዘይት 1 ወይም 2 ጠብታ ጣሉበት። ከደብተሩ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቃችሁ አስቀምጡት። ጥናት ስትጀምሩ ክፈቱት፣ ከ25 ደቂቃ በኋላ ለእረፍት ስትነሱ ግጠሙት። ወጣ ብላችሁ አየር ስትቀበሉ አፍንጫችሁ ይታደሳል። ማታ ያንኑ ብልቃጥ ከፍታችሁ ከራስጌ አጠገብ አኑሩት። በአንድ ሌሊት የሁለት ትምህርት ሽታ አትደርድሩ።

ጥልቅ እንቅልፉን የሚከታተል መሣሪያ የለንም ብላችሁ አትጨነቁ። በ2020 ይፋ በሆነ ሌላ የጀርመን ጥናት 54 የ6ኛ ክፍል ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ቃላትን ሲያጠኑ የጽጌረዳ ሽታ ያለው የዕጣን ዘንግ ጠረጴዛቸው ላይ፣ ሌሊቱን ሙሉ ደግሞ ትራሳቸው አጠገብ አስቀምጠው ነበር። በሁለቱም ጊዜ ሽታውን ያገኙት 30 በመቶ ገደማ የተሻለ ውጤት አመጡ። ተማሪዎቹ ጥቂት ስለሆኑ ቁጥሩን እንደ ዋስትና አትያዙት፤ መንገዱ ግን ቀላልና ርካሽ ነው። እሳት ለኩሶ መተኛት ክልክል ነው። አስም ያለበት ሰው በክፍሉ ካለ ነገሩን ጭራሽ ተዉት።

«ሞዛርት ብልህ ያደርጋል»

የወሬው ምንጭ የ1993 አንድ አጭር ጥናት ነው። 36 የኮሌጅ ተማሪዎች ሞዛርት ለሁለት ፒያኖ የደረሰውን ሙዚቃ 10 ደቂቃ ሰምተው ቅርጽን በአእምሮ የማገላበጥ ጥያቄ ሠሩ፤ ውጤታቸው ለ10 እስከ 15 ደቂቃ ያህል ከፍ አለ። ሕፃናት አልተፈተኑም፣ ሽምደዳም አልተለካም። ያም ሆኖ በ1998 የአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት አገረ ገዥ ለአራስ ሕፃናት የክላሲካል ሙዚቃ ሲዲ መግዣ 105,000 ዶላር ጠየቁ። በ2001 የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ለውጡን ያመጣው መነቃቃትና ደስ መሰኘት ነው። ስለዚህ የምትወዱትን ሙዚቃ ከጥናት በፊት 10 ደቂቃ ስሙና ዝጉት።

«የምወደው ዘፈን አይረብሸኝም»

መውደድ ሌላ፣ አለመረበሽ ሌላ። በ2011 በተደረገ ሙከራ ተከታታይ ፊደላትን በቅደም ተከተል የሚይዙ ሰዎችን የሚወዱት ሙዚቃም የሚጠሉትም እኩል ነው የጎዳቸው። ምክንያቱ የድምፁ መለዋወጥ ነው፦ እናንተ በልባችሁ «ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ካልሲየም» እያላችሁ ስትደግሙ፣ ጆሮም ሳታዙት የራሱን ተከታታይ ይይዛልና ሁለቱ ይጋጫሉ። ቋንቋው የማይገባችሁ ንግግር እንኳ ይህን ያደርጋል። ለንባብ ደግሞ ባላንጣው ግጥም ያለው ዘፈን ነው፤ አንዱን አንቀጽ ለሦስተኛ ጊዜ ስትጀምሩ ተጠያቂው እሱ ሊሆን ይችላል።

ለአዲስ ምዕራፍና ለሽምደዳ ጸጥታ ይሻላል። ሰፈሩ ከጮኸ እንደ ዝናብ ወይም እንደ ማራገቢያ ያለ የማይለዋወጥ ድምፅ ክፈቱ፣ መጠኑም የሰዎቹን ቃል ለማደብዘዝ ያህል ብቻ ይሁን። በክንድ ርቀት ካለ ሰው ጋር ለመግባባት መጮህ ካስፈለጋችሁ ለጆሮም አደገኛ ነው። ደብተር ስትገለብጡ ወይም ስታስተካክሉ ግን ዘፈኑ ይኑር።

«ተኝቼ ብሰማው ይገባኛል»

በ1956 ተመራማሪዎች የተኙ ሰዎችን የአንጎል ሞገድ እየለኩ መረጃ አሰሟቸው፤ ጠዋት የታወሰው ነቅተው ሳሉ የሰሙት ብቻ ሆነ። በ2009 ግን ሌላ ገጽታ ታየ። ሰዎች የ50 ሥዕሎችን ቦታ እያንዳንዱን ከራሱ ድምፅ ጋር ለምሳሌ ድመትን ከሚያውታ ጋር አጠኑ። በእንቅልፍ ላይ የ25ቱ ድምፅ ብቻ በቀስታ ሲሰማ የእነዚያን ቦታ በተሻለ አስታወሱ። ታሪኩ የጽጌረዳው ታሪክ ነው፦ አስቀድሞ የተጠና ነገር ተጠራ። ቤት ውስጥ ግን ድምፅ እንቅልፍ ሊሰብር ስለሚችል ለሌሊት ሽታን መምረጥ ይሻላል።

«ራሴን ቀርጬ ማዳመጥ ከማንበብ ይበልጣል»

በዝምታ ከማንበብ አዎ ይበልጣል፤ ራስ ድምፅ አውጥቶ ከማንበብ ግን ያንሳል። ገጹን ሁሉ አትጩኹበት፤ ዋና ዋናውን ብቻ ጮክ ስትሉ ከሌላው ተለይቶ ይታወሳል። መቅረጽ ካማራችሁ ጥያቄውን ተናገሩ፣ 10 ሰከንድ ዝም በሉ፣ ከዚያ መልሱን ቅረጹ። በኋላ ስታዳምጡ በዚያ ዝምታ ውስጥ ቀድማችሁ መልሱ።

«ፈተናው ክፍል ሽታው ከሌለ ሁሉም ከንቱ ነው»

አይደለም። በ1978 በተደረገ ሙከራ አንድን የቃላት ዝርዝር በሁለት ክፍሎች ያጠኑ ሰዎች አዲስ ክፍል ውስጥ ሲጠየቁ በአንድ ክፍል ብቻ ካጠኑት በልጠዋል። ስለዚህ ጥናቱን በአንድ ወንበር ላይ አትሰሩት። የያዛችሁት መልስ አልመጣ ካለ ደግሞ ያጠናችሁበትን ቦታ ለአፍታ በዓይነ ህሊና ሳሉት፦ ጠረጴዛውን፣ መስኮቱን፣ ብልቃጡ የት እንደነበረ። በ1979 ይህን እንዲያደርጉ የተነገራቸው ሰዎች ያጠኑበት ክፍል ተመልሰው ከተፈተኑት አላነሱም።