የእፅዋት ህዋስ ገለፈትና ግድግዳ በምን ይያያዛሉ?

የእፅዋት ህዋስ ሁለት ልብስ ደርቧል። ከላይ ግድግዳው አለ፣ በአብዛኛው ከሴሉሎስና ከፔክቲን የተሠራ። ከሥር ደግሞ ከቅባትና ከፕሮቲን የተሠራው ስስ ገለፈት አለ፤ ሜምብሬን የሚሉት ነው። ውፍረቱ ቢበዛ 10 ናኖሜትር ገደማ ነው።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል የሚወርድ መኪና ጎማ አስቡ። ገለፈቱ ካላማዳሪው ነው፤ ግድግዳው የውጭው ጎማ። ህዋሱ ውሃ ሲጠጣ ገለፈቱ ይወጠርና ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ግፊቱ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 10 ባር ይሆናል። የቤት መኪና ጎማ 2 ባር ተኩል አካባቢ ነውና ቅጠል ቀላል ጉልበት የለውም።

ካላማዳሪ ግን ከጎማው ጋር አልተሰፋም። አየሩ ከወጣ ተሸብሽቦ ይቀራል። የህዋስ ገለፈት እንዲያ በቀላሉ አይላቀቅም።

ማየት የፈለገ ቀይ ሽንኩርት ይላጥ። ሐምራዊ ቀለም ካለው ሥጋው ላይ ስሱን ሽፋን ገሽለጥ አድርጎ ማይክሮስኮፕ ሥር ያስገባና የጨው ውሃ ጠብ ያድርግበት። በደቂቃዎች ውስጥ ሐምራዊው ከግድግዳው እየሸሸ መሐል ላይ ይሰበሰባል። ጨው ውሃውን ስቦ አውጥቶታል፤ ሰላጣ ላይ ጨው ስንነሰንስ ሳህኑ ውሃ የሚያቁረው በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ ፕላዝሞሊሲስ ይባላል።

የትምህርት ቤት ሥዕል እዚህ ላይ ያበቃል፤ ገለፈቱ ጨርሶ የተላቀቀ ያስመስለዋል። ይህ ትክክል አይደለም። ጠለቅ ብሎ ሲታይ ከተሰበሰበው አካል እስከ ግድግዳው የተወጠሩ፣ ከፀጉር እጅግ የቀጠኑ ክሮች አሉ። እያንዳንዱ ክር በገለፈት የተሸፈነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ስለ እነሱ በጻፈው ሰው ስም የሄክት ክሮች ይባላሉ።

ታዲያ ምን ያዛቸው? አንዱ ፕላዝሞዴስማታ ነው፤ ግድግዳውን በስተው የሚያልፉ ጠባብ መተላለፊያዎች። በእነሱ ውስጥ የጎረቤታም ህዋሶች ገለፈት ሳይቆረጥ ይቀጥላል። ሌላው ፕሮቲን ነው። አንዳንዱ ፕሮቲን እግሩን ገለፈቱ ውስጥ ተክሎ በውጭ ጫፉ ፔክቲን ይይዛል፤ ግድግዳው ሲጎዳም ለህዋሱ ወሬ ያደርሳል።

ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ሴሉሎስ የሚሠራው ኢንዛይም ነው። የሚኖረው ገለፈቱ ውስጥ ነው። ከውስጥ ስኳር እየተቀበለ ወደ ውጭ ክር ያወጣል፣ እናቶቻችን በእንዝርት እንደሚፈትሉት። ክሩ ተሠርቶ እስኪያልቅ አንድ ጫፉ ኢንዛይሙ ላይ፣ ሌላው ግድግዳው ውስጥ ነው።

ሥር ውስጥ ደግሞ የካስፓሪ ቀበቶ የሚባል ቦታ አለ። እዚያ ገለፈቱ ከግድግዳው ጋር እንደ ማስቲሽ ተጣብቋል፤ ጨው ውሃም አያላቅቀውም። በዚህ የተነሳ ከአፈር የመጣ ውሃና ማዕድን በግድግዳው ሾልኮ ማለፍ አይችልም። በገለፈቱ በኩል ተፈትሾ ይገባል።

አንድ ነገር እንዳይምታታ። ፀሐይ ላይ ውሎ የጠወለገ ጎመን እንደ ጨው ሽንኩርቱ አይደለም። የግድግዳው ቀዳዳ እጅግ ጠባብ ስለሆነ ውሃው አየር አያስገባም። ስለዚህ ገለፈቱ ሲሸሽ ግድግዳውንም አብሮ ይጎትተዋል፣ ሁለቱም ይጨማደዳሉ። ሰኞ ገበያ ላይ ሻጮች ጎመኑ ላይ ውሃ ርጭ ሲያደርጉ ህዋሱ ገና በሕይወት ካለ መልሶ ይወጠራል።

ኮምቦልቻ በጨርቃጨርቅ ፋብሪካዋ ትታወቃለች። የሚፈተለው ጥጥ እያንዳንዱ ጭረት አንድ ህዋስ ነው፣ ከዘሩ ቆዳ ላይ የበቀለ፣ ብዙውን ጊዜ 3 ሴንቲሜትር የሚጠጋ። ፍሬው ሲደርስ ህዋሱ ይሞታል፣ ገለፈቱም ይደርቃል። የደሴን ብርድ የምንከላከልበት ጋቢ ያ ገለፈት በሕይወት ሳለ የፈተለው ግድግዳ ነው።