የጋብቻ አለመጽናት ፍርድ ምንድን ነው? ካቶሊካዊ ሲፋታ የሚጠየቀው ጥያቄ

«ካቶሊክ ከተፋታ ይወገዛል» ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ የሚናገሩትም አብዛኛውን ጊዜ ካቶሊክ ያልሆኑ ሰዎች ናቸው። ስህተት ነው። ባሏ ጥሏት ሄዶ፣ ወይም ዱላው በዝቶባት በፍርድ ቤት የተፋታች ካቶሊካዊት ሌላ እስካላገባች ድረስ ትቆርባለች፣ ክርስትና ታነሣለች፣ ከመዘምራን ጋርም ትቆማለች። የልጆችን አስተዳደግ፣ ንብረትን ወይም ሌላ ሕጋዊ መብትን ለማስጠበቅ ሌላ መንገድ ከታጣ የመንግሥትን ፍቺ መቀበል ኃጢአት እንዳልሆነ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ የተባለው የእምነት ማስተማሪያ መጽሐፍ በግልጽ ጽፏል።

ነገሩ የሚከብደው ሁለተኛ ሠርግ ሲታሰብ ነው። «እግዚአብሔር ያጣመረውን ሰው አይለየው» የሚለውን ቃል ቤተ ክርስቲያኒቱ እንደ ምክር አታነበውም። በተጠመቁ ሰዎች መካከል በትክክል የተፈጸመ፣ በሩካቤም የጸና ጋብቻን ከሞት በቀር የሚፈታው ኃይል የለም ትላለች። በማቴዎስ ወንጌል ያለውን «ያለ ዝሙት ምክንያት» የሚለውን ኃይለ ቃል እንኳ ይህን ማሰሪያ የሚፈታ አድርጋ አትወስደውም። ስለዚህ የመንግሥት ፍርድ ቤት ቤቱንና መሬቱን ሊያካፍል፣ ቀለብ ሊቆርጥ ይችላል፤ ማሰሪያው ግን ባለበት ይቆያል። ከዚያ በኋላ በማዘጋጃ ቤት ፈርሞ ሌላ ያገባ ሰው፣ በቤተ ክርስቲያኒቱ ዐይን የመጀመሪያ ሚስቱ ሳትሞት ከሌላ ሴት ጋር የሚኖር ሰው ነው።

የጋብቻ አለመጽናት ፍርድ የሚባለው እዚህ ላይ ይመጣል። አንዳንዱ «የካቶሊክ ፍቺ» ይለዋል፤ የሕገ ቀኖና፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ፣ ሊቃውንት ይህን ስም ሲሰሙ ፊታቸው ይቀየራል። ፍቺ «ጋብቻ ነበረ፣ አሁን አበቃ» ይላል። ይህኛው ፍርድ «ሠርግ ነበረ፣ ጋብቻ ግን አልነበረም» ይላል። ሽጉጥ ተደግኖበት ቤቱን ለመሸጥ የፈረመ ሰው ውል ላይ ፊርማም ምስክርም አለ፤ ዳኛው ግን ፈቃዱ ስላልነበረበት እንደ ውል አይቆጥረውም። የቤተ ክርስቲያን ዳኞችም የሚመረምሩት ትዳሩ እንዴት እንደ ፈረሰ ሳይሆን፣ ሙሽሮቹ «አዎን» ባሉባት ቅጽበት ቃላቸው እውነተኛ «አዎን» ነበር ወይ የሚለውን ነው። ከሠርጉ በኋላ የመጣ ስካር፣ ውሽምነት ወይም ጥል ብቻውን ምክንያት አይሆንም። በሠርጉ ቀን ቀድሞ የነበረን ጉድለት የሚጠቁም ማስረጃ ሲሆን ግን ይሰማል።

ምክንያቶቹ ለእኛ አገር አንባቢ ሩቅ አይደሉም። አንዱ ግዴታና ፍርሃት ነው፤ ወላጆቿ ቃል ሰጥተው፣ ሽማግሌ ተቀብለው፣ እሷ «እምቢ» ብትል ከቤት የምትባረር ልጅ በመቅደስ ፊት ያለችው «አዎን» ላይጸና ይችላል። ጠለፋ ደግሞ በስሙ ተጠቅሶ ነው በቀኖናው ውስጥ ያለው። የተጠለፈች ሴት ከጠላፊዋ እጅ ወጥታ፣ ስጋት በሌለበት ቦታ ሆና በገዛ ፈቃዷ እስካልመረጠችው ድረስ ጋብቻው ከመነሻው የለም። በኋላ ሽማግሌ ገብቶ፣ ካሣ ተከፍሎ፣ ድግስ ተደግሶ ቢታረቁ እንኳ የሷ ነፃ ፈቃድ ከሌለበት ዕርቁ ጋብቻ አይፈጥርም።

ማታለልም አለ። መካንነት ብቻውን ጋብቻን አያፈርስም፤ ይህን ቀኖናው በማያሻማ ቃል ይናገራል፤ «አልወለደችም» ብሎ ሚስቱን መመለስ የፈለገ ሰው በዚህ በር አይገባም። መካንነቱን እያወቀ፣ የሌላውን ፈቃድ ለማግኘት ሲል ሆን ብሎ የደበቀ ሰው ጋብቻ ግን ሊወድቅ ይችላል። ከዚህ ሌላ በልቡ «ልጅ አልወልድም» ወይም «ካልተመቸኝ እፈታታለሁ» ብሎ ወስኖ የማለ፣ የትዳርን ግዴታ ለመመዘን የሚያስችል ብስለት በከባድ ሁኔታ የጎደለው፣ ወይም በሕገ ቀኖናው የሚፈለገው ሥርዓት ያልተፈጸመለት ሰው ጉዳይም ይታያል።

አመልካቹ ጥያቄውን ለሀገረ ስብከቱ የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ያቀርባል፤ ሌላው ወገን ይጠራል፤ ከሠርጉ በፊት ሁለቱን የሚያውቁ ምስክሮች ይሰማሉ። እዚህ ችሎት ውስጥ ከሁሉ የሚገርመኝ አንድ ሹመት አለ፤ የማሰሪያው ጠበቃ ይባላል። ባልና ሚስቱ ሁለቱም «ይፍረስልን» ብለው ቢስማሙ እንኳ እሱ ለጋብቻው ይቆማል፤ ጋብቻው የጸና ነው ለማለት የሚያስችል ምክንያት ሁሉ ፈልጎ ማቅረብ ሥራው ነው። እሱ ሳይጠራ የተካሄደ ክርክር ዋጋ የለውም። ጥርጣሬ ከቀረም ሚዛኑ ወደ ጋብቻው ያጋድላል፤ «አልጸናም» ለማለት ዳኞቹ በኅሊናቸው እርግጠኛ መሆን አለባቸው።

ይህን ጠበቃ ያቋቋሙት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 14ኛ ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1741። በዚያው ደንብ አንድ ፍርድ አይበቃም፣ ሁለተኛ ፍርድ ቤት ተመሳሳይ ውሳኔ መስጠት አለበት አሉ። በጊዜው አለመጽናት በቀላሉ እየተፈረደ ስለ ነበር ልጓሙ ሳያስፈልግ አልቀረም። ይህ ልጓም 274 ዓመት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2015 በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ተነሣ፤ ይግባኝ የሚል ከሌለ አሁን አንድ ፍርድ ይበቃል። ሁለቱ ወገኖች ከተስማሙና ማስረጃው ገሃድ ከሆነ ጳጳሱ ራሱ በአጭር ሥርዓት ይፈርዳል፤ በተቻለ መጠንም ገንዘብ እንዳይጠየቅ ታዟል። ይህን ለውጥ ያወጁት ደብዳቤዎች ሁለት ነበሩ፣ አንዱ ለላቲን ሥርዓት፣ ሌላው ለምሥራቃውያን ካቶሊኮች። በግእዝ ሥርዓት የሚቀድሱት የኢትዮጵያ ካቶሊኮች የሚዳኙት እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና ስለሆነ የሚመለከታቸው ሁለተኛው ነው።

«ጋብቻው ካልነበረ ልጆቹስ ዲቃላ ናቸው?» የሚለው ጥያቄ ብዙ እናቶችን ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ይመልሳል። አይደሉም። ከወላጆቹ አንዱ እንኳ በቅን ልቡና ጋብቻ ነው ብሎ ከኖረ የልጆቹ ሕጋዊነት አይነካም። ይህ በሕጉ ግልጽ ነው፤ በቤት ውስጥ ግን ቀላል አይመስለኝም። ሃያ ዓመት አብሮ ኖሮ አራት ልጅ ያሳደገ ሰው «ያኔ ጋብቻ አልነበረም» የሚል ወረቀት ሲሰጠው ምን እንደሚሰማው ቀኖና አይነግረንም። ፍቺን በሌላ ስም ነው የሚሉ ተቺዎችም ያላቸው ብርቱ ነጥብ ይኸው ነው።

ፍርዱን ሳያገኙ ሌላ ያገቡት እንዴት ይታያሉ? በዚህ ላይ አመለካከቱ ተለዋውጧል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1884 የተሰበሰቡ ጳጳሳት ተፋትቶ ያገባ ካቶሊክ ወዲያውኑ እንዲወገዝ ደነገጉ፤ ቅጣቱ የተነሣው በ1977 ነው። ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ በ1981 እነዚህ ሰዎች የቤተ ክርስቲያን ልጆች ናቸው፣ ይጸልዩ፣ ቅዳሴ ያስቀድሱ፣ ነገር ግን እንደ ወንድምና እኅት ካልኖሩ አይቁረቡ አሉ። ፍራንቸስኮስ በ2015 «አልተወገዙም» ብለው በአደባባይ ተናገሩ፤ በማግስቱ ዓመት ስለ ቤተሰብ ባወጡት ምክር ደግሞ በአንዲት የግርጌ ማስታወሻ፣ በአንዳንድ ሁኔታ የምሥጢራት እርዳታም ሊኖር እንደሚችል ጠቆሙ። ያቺ የግርጌ ማስታወሻ ያስነሣችው ክርክር ከምዕራፉ ሁሉ በለጠ። አራት ካርዲናሎች አምስት ጥያቄ ጽፈው ማብራሪያ ጠየቁ፤ ጉዳዩም እስከ ዛሬ ከአገር አገር በልዩ ልዩ መልክ ይሠራበታል።

ፍርዱን ያገኘ ሰውስ በማግስቱ ማግባት ይችላል? ሁልጊዜ አይደለም። ጋብቻው ያልጸናው ከአንዱ ወገን በሆነ አታላይነት ወይም አለመቻል ከሆነ፣ ዳኞቹ በፍርዱ ግርጌ አንድ መስመር ሊጨምሩ ይችላሉ፤ ያ ሰው ጳጳሱን ሳያስፈቅድ ሌላ ሠርግ እንዳይደግስ።