የገጽ እይታና የድረ ገጽ ማስታወቂያ ገቢ

የገጽ እይታ አንድ ገጽ በአንባቢው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ በተከፈተ ቁጥር የሚመዘገብ ቆጠራ ነው። አንድ ሰው ያንኑ ዜና ጠዋትና ማታ ቢከፍተው እይታው ሁለት፣ ጎብኚው ግን አንድ ነው። የድረ ገጽ ባለቤቶች ስለ ገቢ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠሩት ይህንን ቁጥር ነው። ብቻውን ሲቆም ግን ስለ ገንዘቡ የሚናገረው ጥቂት ነው።

መጀመሪያ ላይ ክፍያው በእይታ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1994 ሆትዋየርድ የተባለው የአሜሪካ ድረ ገጽ የስልክ ኩባንያውን የኤቲ ኤንድ ቲን ባነር (በገጹ ላይ የሚወጣ የማስታወቂያ ሰሌዳ) ሲያወጣ ቦታው የተሸጠው እንደ መንገድ ዳር ሰሌዳ በጊዜ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከጋዜጣና ከመጽሔት የተወረሰው በየሺህ እይታው የሚከፈል ዋጋ ተለመደ። በ1996 ደግሞ የሳሙና አምራቹ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ማስታወቂያው ጠቅ ሲደረግ ብቻ እንዲከፍል ያሁ ከተባለው ድረ ገጽ ጋር ተስማማ። በ2003 የተጀመረው፣ ጎግል በሰው ድረ ገጽ ላይ ማስታወቂያ እያወጣ ለባለቤቱ የሚከፍልበት አድሴንስም በዋናነት በጠቅታ ሲከፍል ቆይቶ፣ በ2023 መጨረሻ ይፋ ባደረገው ለውጥ ወደ መታየት ክፍያ ዞሯል።

ባለቤቱ በየቀኑ የሚያየው መለኪያ አር ፒ ኤም ይባላል፤ ገቢው ለእይታው ተካፍሎ በ1,000 ሲባዛ የሚገኘው ነው። አንድ ብሎግ በወር 50,000 እይታ አለው እንበል። አር ፒ ኤሙ 2 ዶላር ከሆነ ወሩ 100 ዶላር ያስገባል፤ 40 ሳንቲም ከሆነ 20 ዶላር። አድሴንስ ክፍያ የሚለቀው ሂሳቡ 100 ዶላር ሲሞላ ስለሆነ፣ አንደኛው በየወሩ ሲከፈለው ሌላው በዚያው የእይታ ብዛት አምስት ወር ይጠብቃል።

ልዩነቱን የሚፈጥረው ጨረታ ነው። ገጹ በሚከፈትባት ቅጽበት፣ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ፣ ማስታወቂያ አስነጋሪዎች በዚያ አንባቢ ላይ ይጫረታሉ። አንባቢው አሜሪካ ካለ ባንኩ፣ የኢንሹራንስ ድርጅቱና የስልክ ኩባንያው ዋጋ ያንራሉ። ተጫራች በሚያንስበት አገር ዋጋው ይወርዳል። ስለዚህ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ሲነበብ የሚያስገኘው፣ አዲስ አበባ ሲነበብ ከሚያስገኘው አብዛኛውን ጊዜ ይበልጣል፤ ጽሑፉ አንድ፣ ቋንቋው አንድ፣ ዋጋው ሌላ። የጽሑፉ ጉዳይም ይገባበታል፦ ስለ ብድር ወይም ስለ ጥብቅና የሚያወራ ገጽ ከታዋቂ ሰዎች ወሬ በላይ ዋጋ ይጠራለታል፣ ምንም እንኳ ወሬው አሥር እጥፍ ቢነበብም። ወቅትም አለው። ከፈረንጆቹ ገና በፊት ባሉት ሳምንታት የምዕራቡ ገበያ በጀቱን ስለሚያፈስ ዋጋው ይወጣል፤ ጃንዋሪ ሲገባ ይወድቃል፣ አዲስ ጀማሪውም ምን አጥፍቼ ነው ብሎ ይጨነቃል።

እይታ ሁሉ ደግሞ ማስታወቂያ የታየበት አይደለም። ማስታወቂያ የሚያግድ ፕሮግራም ያስገባ አንባቢ ሊቆጠር ይችላል እንጂ አያስከፍልም። በዘርፉ መለኪያ አንድ ባነር ታየ የሚባለው ቢያንስ ግማሹ ለአንድ ሰከንድ ስክሪኑ ላይ ሲቆይ ነው፤ ገጹ ግርጌ ያለውን ደግሞ ብዙ ሰው ሳይደርስበት ይወጣል።

እይታን ለማናር የተሞከረው ብዙ ነው። በጣም የሚያሰለቸው፣ አንድን ጽሑፍ ሃያ ቦታ ቆራርጦ በየፎቶው ሥር «ቀጣይ» የሚል ቁልፍ ማስቀመጥ ነው፤ አንዱ አንባቢ ሃያ እይታ ይሆናል። ከዚህ የከፋው ማጭበርበር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተጋለጠው ሜትቦት የተባለ የማጭበርበር መረብ በሰው ፈንታ ሮቦቶችን በሐሰተኛ ገጾች ላይ የቪዲዮ ማስታወቂያ ያስመለከተ ሲሆን፣ መሪው በ2021 ኒውዮርክ ውስጥ የአሥር ዓመት እስራት ተፈርዶበታል።

አነስተኛ ባለቤቶችን የሚጎዳው ግን ተራ ነገር ነው፦ ለወዳጅ ዘመድ «ግቡና ማስታወቂያውን ጠቅ አድርጉልኝ» ብሎ መላክ። የአድሴንስ ደንብ ይህንንም ሆነ በራስ ገጽ ላይ ያለውን ማስታወቂያ ራስ ጠቅ ማድረግን ይከለክላል። በወሩ ውስጥ የሚታየው ገቢ ግምት ብቻ በመሆኑ የተጭበረበረው እይታና ጠቅታ ይቀነስበታል፤ ጥፋቱ ከበዛ አካውንቱ ይዘጋል፣ የተጠራቀመው ገንዘብም ታግዶ ወደ ማስታወቂያ አስነጋሪዎቹ ሊመለስ ይችላል።